ባሕር ዛፉን ተዉት፣ አመዱን ተከተሉ

ክረምት ሊገባ ሲል ስልካችን ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይበዛል። አንደኛው ችግኝ ይዞ ፎቶ የሚነሣው ነው፤ ቲሸርቱ አዲስ ነው፣ ጉድጓዱን ሌላ ሰው ቆፍሮለታል። ሁለተኛው «ባሕር ዛፍ መሬታችንን መጥጦ ጨረሰው፣ ይነቀልልን» ብሎ የሚጽፈው ነው፤ ከሥሩ የሚመጣው አስተያየት ሁሉ «እውነት ነው» ይላል። ሁለቱ ባላንጣ ይመስላሉ። አይደሉም። ሁለቱም የሚያዩት ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ነው። አንዱ ግንድ ይቆጥራል፣ ሌላው ግንድ ይከሳል፤ ሥሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ከጎንደር ደጋ አፈር ላይ የጠፋውን ነገር የወሰድነው እኛ ነን። የወሰድንበትም መንገድ ይታወቃል፤ በማገዶ፣ በኩበት፣ በአመድና በጎርፍ ነው። ዛፎቹ ግን፣ አገር በቀሉም መጤውም፣ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ እንዴት እንደሚኖር ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ።

ነገሩ ፎስፈረስ ነው። ስሙ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜን ያስታውሳል ብላችሁ አትሽሹ። አጥንታችን ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ሴል ጉልበቱን የሚያዘዋውረው በእሱ ነው፤ የዘረ መል ሰንሰለት ያለ እሱ አይያያዝም። ናይትሮጅን አየሩን ሞልቶታል፤ ባቄላና ግራር ከባክቴሪያ ጋር ተሻርከው ያወርዱታል። ፎስፈረስ ግን እንዲህ ከአየር የሚወርድ ነገር አይደለም። ምንጩ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ በሺህ ዓመታት ሲበሰብስ ጥቂት ጥቂት ይለቃል። አንዴ ከማሳ ከወጣ በራሱ ጊዜ የሚመለስበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ግራር እንኳ «ናይትሮጅን ያመጣልናል» ብለን የምንተክለው፣ ያንን ሥራ የሚሠሩት የሥሩ እንክብሎች ራሳቸው ፎስፈረስ በላተኞች ናቸው። ከሌለ አይሠሩም።

«የጎንደር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ አይደል እንዴ? አፈሩ ሀብታም መሆን ነበረበት» የሚል ካለ ጥያቄው ልክ ነው። ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ። ችግሩ መታሰሩ ነው። ቀይ አፈራችንን ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ብረቱና አሉሚኒየሙ፣ በተለይ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙታል። ሥር የሚጠጣው በውሃ የሟሟውን ብቻ ስለሆነ የታሰረው ለእሱ እንደሌለ ነው። የሰሜን ተራራዎች አፈር ደግሞ ሌላ ነው። ጥቁር፣ ልል፣ በእጅ ሲያፍሱት ደስ የሚል። ግን ከእሳተ ገሞራ የተወለደ እንዲህ ያለ አፈር ፎስፈረስን አጥብቀው ከሚያስሩ የዓለም አፈሮች ግንባር ቀደሙ ነው። ጥቁር አፈር ያየ ሁሉ ጮማ ያየ ይመስለዋል፤ ዛፉን ጠይቁት።

ዛፍ ለብቻው አይበላም። ሥሩ አጠገብ ያለውን የሟሟ ፎስፈረስ ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ከጥቂት ሚሊ ሜትር ወዲያ ያለው ደግሞ ተራምዶ አይመጣለትም፤ ፎስፈረስ እንደ ናይትሬት ከውሃ ጋር የሚንሸራሸር ነገር አይደለምና። ስለዚህ ከፈንገስ ጋር ይዋዋላል። ፈንገሱ ከሥሩ ተጣብቆ፣ አንዳንዱም ውስጡ ገብቶ ይቀመጥና ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክሩን ሥር በማይደርስበት ቀዳዳ ሁሉ ይዘረጋል። ፎስፈረስ ያመጣል፣ ስኳር ይቀበላል። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ ዛፉ በቅጠሉ ከሚያበስለው ስኳር እስከ 20 በመቶ ለዚህ ሊያወጣ ይችላል። ክረምት ላይ ጫካ ውስጥ የምታዩት የጅብ ጥላ የአንዳንዶቹ ፈንገሶች ፍሬ ነው። አገር በቀል ዛፎቻችን የሚወዳጇቸው ግን በአብዛኛው ላይ ወጥተው የማይታዩት ናቸው። ውሉ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ እጽዋት የብስን ሲለምዱ ጀምሮ የነበረ ነው።

ይሄ የሩቅ አገር ጫካ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ተስፋዬ ውበት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ደረቅ የደጋ ደን አገር በቀል ዛፎች ሥር መርምረው፣ ያዩዋቸው ዝርያዎች ሁሉ ይህን ፈንገስ በሥራቸው ውስጥ ይዘው አግኝተዋቸዋል። የዝግባን ሥር ለማየት ደግሞ ማይክሮስኮፕም አያስፈልግም፤ ቀጭኑ ሥር ላይ ዶቃ የመሰሉ ጥቃቅን እንክብሎች ተደርድረዋል፤ ፈንገሱ የሚያድርባቸው ናቸው። ወደ ላይ፣ ደኑ ሊያልቅ ሲል የሚቆመው አስታም የራሱ ዓይነት ፈንገስ አለው። እዚያ ብርድ ስለሆነ የወደቀ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ፎስፈረሱ ባልበሰበሰው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የአስታ ፈንገስ ኢንዛይም እያመነጨ ከዚያው ይፈታዋል። አስታውን መንጥሮ ገብስ የዘራ ሰው የሚፈታውን እጅ አብሮ ቆርጦታል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት አብቅሎ «መሬቱ ደከመ» ቢል አይግረማችሁ።

ሁለተኛው ብልሃት ድፍረት አለበት። ፈንገስ የማይለምኑ፣ ራሳቸው ኬሚስት የሆኑ ዛፎች አሉ፤ የፕሮቴያ ቤተሰብ ይባላሉ። ሥራቸው ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያሉ ጥቃቅን ሥሮች በአንድ ጊዜ ይፈላሉ። ለአጭር ጊዜ ብቻ ይኖራሉ፤ በዚያች ጊዜ ግን ሎሚ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ በአፈሩ ላይ ያጎርፋሉ። አሲዱ ብረቱን ሲይዝ ፎስፈረሱ ይለቀቃል፤ ይጠጡታል፤ ይሞታሉ። በየግቢው አጥርና በየቡናው ጥላ የምናውቀው ግራቪሊያ ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ።

ግን የእኛም አለ፤ ወደ ዓለም መዝገብ የገባውም በጎንደር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 በሊማሊሞ በኩል ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ «ጋጉዲ» የሚባል የሊማሊሞ ዛፍ ብሎ ገለጸው። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው ያንኑ ቃል ይዞ ፕሮቴያ ጋጉዲ አለው። ዛሬ ይህ ዛፍ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚጠራው በዚህ በሊማሊሞ ስሙ ነው። እኛ ሊማሊሞ ላይ የምንቆመው ለሰልፊ ነው። (ብሩስ ኮሶንም በእንግሊዛዊው የእጽዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ሞክሮ ነበር። ስሙ ቀድሞ ለአንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ወገን የተሰጠ ሆነና ለኮሶ አልጸናም። ባንክሲያ የሚባለው ያ የአውስትራሊያ ዛፍ ደግሞ ዛሬ በፎስፈረስ ቁጠባ ስሙ የሚጠራ ነው። ዓለም ትንሽ ናት።)

የዚህ ቤተሰብ ብዙዎቹ ዛፎች ማዳበሪያ ቢጨመርላቸው ይታመማሉ፤ የሚሞቱም አሉ። በረሃብ የሠለጠነ ሥር በቃኝ ማለት አያውቅም። «ዛፉ አልያዘም፣ ማዳበሪያ ጨምሩበት» የሚል ሁሉ ይህን ይስማ።

ሦስተኛው ብልሃት ንፉግነት ነው፤ ወደ ባሕር ዛፍ የሚያደርሰንም እሱ ነው። ባሕር ዛፍ የመጣው በጣም ካረጀ፣ በዝናብ ታጥቦ ታጥቦ ካለቀ አፈር ነው። እንዲህ ያለ አገር ያደገ ዛፍ የያዘውን አይለቅም። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ውስጡ ካለው ፎስፈረስ ግማሹን፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ፣ ወደ ቅርንጫፉ መልሶ ይስበዋል። መሬት ላይ የሚወድቀው የተጠባ ቅጠል ነው። ግንዱም ሲያረጅ፣ መሐሉ ወደ ጠንካራ እንጨት ሲለወጥ፣ እዚያ የነበረውን ፎስፈረስ ወደ ሕያው ክፍሉ ያሸሸዋል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ውስጥ ፎስፈረስ የሚከማቸው ለጋ ቅጠሉ፣ ጫፉና ልጡ ላይ ነው። ግንዱ ላይ ያለው ከመጠኑ አንጻር ኢምንት ነው።

ይህን ይዘን «መጥጦ ጨረሰው» የሚለውን ክስ እንየው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ሲገባ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትነቀል ተቃርባ ነበር። ያዳናት እሱ ነው። ዛሬም ከጎንደር ወጥታችሁ፣ ስሙ ራሱ ኮሶን የሚጠራውን ኮሶዬን አልፋችሁ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት እስከ ደባርቅ ብትሄዱ መንገዱን ተከትሎ የቆመው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬው የሚተክለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ማዳበሪያ ሳይጠይቅ፣ ከብት ሳይበላው፣ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥና በጥሬ ብር የሚሸጥ ሌላ ነገር አሳዩት። ለልጁ ትምህርት፣ ለሠርጉ፣ ለተዝካሩ የሚቆርጠው እሱን ነው።

ጠበቃ አልሆንለትም። ማሳ ዳር ሲቆም ከጤፉና ከስንዴው ጋር በውሃ ይሻማል፤ ምንጭ አጠገብ መትከል ጥፋት ነው፤ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳይበቅል ያስቸግራል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፎስፈረስን በተመለከተ ዛፉ ከአፈር የወሰደውን ይዞ የትም አልሄደም፤ ዛፍ እግር የለውም። ቆርጠን የምንወስደው እኛ ነን። አወሳሰዳችንም ከሁሉ የከፋው ነው። አጠናው ለግንብ ሥራ ይሄዳል፤ ይሁን፣ እሱ የሚወስደው ጥቂት ነው። ቅርንጫፉ ጭራሮ ይሆናል። ለጋ ቅጠሉ፣ ዛፉ ገና መልሶ ያልሳበው ፎስፈረስ ሙሉ በሙሉ ያለበት፣ ተሸክሞ ወደ ምጣድ ይሄዳል። በጋ ላይ ደግሞ የረገፈችው የተጠባች ቅጠል ሳትቀር በመጥረጊያ ትለቀማለች። በየአራትና አምስት ዓመቱ እንዲህ የተላጨ መሬት ላይ ጽድም ቢቆም፣ ወይራም ቢቆም፣ ግራርም ቢቆም መሬቱ ይራቆታል። ከዚያ ዛፉን እንሰድባለን። ምስኪን ባሕር ዛፍ፣ መቶ ሠላሳ ዓመት አብስሎልን አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።

አመድ ካልን አይቀር ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው።

እንጨት ሲያንስ ኩበት ይነዳል። ከብቱ ማሳው ላይና ግጦሹ ላይ የበላውን እበት አድርጎ ይመልሳል፤ እኛ ጠፍጥፈን፣ አድርቀን ምድጃ ውስጥ እንከተዋለን። ስለዚህ ነገር የሚጽፉ ሰዎች «ለምነታችን ጭስ ሆነ» ይላሉ። ግማሹ ነው እውነቱ። ጭስ ሆኖ የሚሄደው ናይትሮጅኑ ነው። ፎስፈረሱ አይነድም፤ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። የቅጠሉም እንደዚሁ። አመድ በዚያ ላይ እንደ ኖራ የአፈርን አሲድ ይቀንሳል፤ ብረትና አሉሚኒየም ያሰሩትን ጥቂት ያላላል። ማለትም መንግሥት በኩንታል እያስፈጨ «ለአሲዳማ መሬት» ከሚያከፋፍለው ኖራ ጋር የሚቀራረብ ነገር፣ ፎስፈረስ የተጨመረበት፣ በየጠዋቱ ከምድጃ ይዛቃል። የት ይደፋል? ጓሮ።

ለምን ይመስላችኋል ጌሾውና ጎመኑ ከቤት ጀርባ እንዲያ የሚፋፋው? ቃሪያው፣ ዱባው፣ የጓሮ በቆሎው? ቤት አጠገብ ያለው መሬት የተለየ በረከት ስላለው አይደለም። ከሩቅ ማሳና ከጫካ ተለቅሞ የመጣ ፎስፈረስ ለዓመታት የተደፋበት ስለሆነ ነው። እናቶች ያውቁታል፤ «አመድ ያረፈበት መሬት ነው» ይላሉ። የሩቁ ማሳ ይከሳል፣ ጓሮው ይወፍራል። ገጠር እስካለ ድረስ ቢያንስ እዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው።

ከተማ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከወገራና ከአካባቢው ወደ ጎንደር የሚወርደው ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ሁሉ ፎስፈረስ ጭኖ ነው የሚወርደው። ጎንደር ያበስልበታል፤ አመዱን ከቆሻሻ ጋር ይጥለዋል ወይም ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። ክረምት ሲመጣ ቦዩ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ይወርዳል፤ ከዚያ መገጭ፤ ከመገጭ በደምቢያ አድርጎ ጣና። ከየተራራው ታጥቦ የሚመጣው አፈርም፣ ፎስፈረሱን እንዳቀፈ፣ መንገዱ ይኸው ነው፤ የአንገረብን ግድብ በደለል የሞላውም እሱ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ግንዱማ ምንም አይደል፤ የጎዳን ከግንዱ ጋር የሄደው ነው።

ጣና ዳር ምን እንደጠበቀው ታውቃላችሁ። እምቦጭ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ ላይ የተንሰራፋው ያ አረም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲያገኝ የሚሆነውን ሆኗል። ሰው በጀልባና በእጁ ሲነቅለው ቪዲዮውን ሁላችንም አጋርተናል። ወገራ ላይ አንድ የኮሶ ችግኝ ለሚሊ ግራም የምትለምነው ነገር ደምቢያ ዳርቻ አረም እየቀለበ ነው። በዘመቻ ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው እምቦጭ ራሱ ደጋ የላከው ፎስፈረስ ነው፤ እሱንም የሚመልሰው የለም።

በዚህ በኩል አፍስሰን ከሞሮኮ እንገዛለን። የዳፕ፣ ኋላም የኤንፒኤስ ከረጢት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በመርከብና በከባድ መኪና ከሌላ አህጉር ጫፍ የመጣ የተፈጨ ድንጋይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ሲዘገይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ ወጡ፤ ልክ ነበሩ፤ ማዳበሪያ አይምጣ የሚል ሰው ዘር ጨርሶ ተቀምጦ አያውቅም። እኔም አይምጣ አላልኩም። ግን ቀይ አፈር ላይ የተበተነው ከረጢት ብዙው እዚያው በብረት ይታሰራል፤ ከዚያ በጎርፍ ይሄዳል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ እምቦጭ በሉት።

አሁን ወደ ችግኝ ቆጣሪው ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ቁጥሩን መከራከሪያ ላደርገው አልፈልግም፤ ብዙ ተብሎበታል። የእኔ ጥያቄ ከመሬት በታች ነው። የተራቆተ ተዳፋት ላይ፣ የላይኛው አፈር ታጥቦ የሆድ ዕቃው በወጣ ቀይ መሬት ላይ አገር በቀል ችግኝ ስታስቀምጡ፣ ሥሩን የሚቀበለው ፈንገስ እዚያ አለ ወይ? በተሸረሸረና ለረጅም ጊዜ ዛፍ ባላየ መሬት ላይ ፈንገሱም አብሮ ይመናመናል። በአፍሪካ በብዙ ቦታ የውጭ ጥድ መጀመሪያ ሲተከል ቢጫ ሆኖ እየቀጨጨ አስቸግሮ ነበር፤ የዳነው ከጥድ ጫካ ፈንገስ ያለበት አፈር ሲመጣለት ነው። ለፈረንጁ ጥድ ይህ ሁሉ ታስቦለታል። ለኮሶና ለዝግባ ማን አሰበ?

መፍትሔው ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ጥሩ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ከድሮም ፕላስቲኩን ሲሞላ የደን አፈር ይቀላቅላል። ለምን እንደሆነ ባይነገረውም ያዋጣል። ዘመቻው ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ነው፤ የደን አፈር ማምጣት ጊዜ ይወስዳል፣ ሪፖርት ላይ ደግሞ ዓምድ የለውም። በየአጥቢያው ደግሞ ምንጩ አለ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጽዶች፣ የየገጠሩ ደብር ወይራና ዝግባ ከነፈንገሳቸው ቆመዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለዓመታት የሠሩት ሥራ እነዚህ ደኖች የአገር በቀል ዛፍ መጠጊያ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የዛፉ መጠጊያ የፈንገሱም መጠጊያ ነው። ከእናት ዛፍ ሥር የሚወሰድ እፍኝ አፈር ለአንድ መደብ ችግኝ ብዙ ነው። እፍኝ አልኩ። ጆንያ ይዞ የደብር አፈር ሊጭን የሚመጣ ካለ ካህናቱ በመቋሚያ ቢያባርሩት እኔ ከካህናቱ ጋር ነኝ።

ብሳናን ደግሞ ማንም አይተክለውም፤ ራሱ ይበቅላል፣ ገበሬው ማሳው መሐል ይተወዋል፤ ከሥሩ ያለው እህል እንደሚያምር ያውቃላ። ቅጠሉ ቶሎ በስብሶ የያዘውን ይመልሳል። ከባሕር ዛፍ ተቃራኒ ጠባይ ነው። ለዘመቻ ፎቶ ግን አይመችም መሰለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ሰው ይነሣል፤ ከተማ ተቀምጦ በሲሊንደር ጋዝ ወጥ የሚሠራ፣ «ሴቶቹ ቅጠል መጥረጋቸውን ይተዉ፣ ኩበት ማንደድ ይከልከል» የሚል። ይሄን ሰው እፈራዋለሁ። ጎህ ሳይቀድ ከዳገት ቅጠል ተሸክማ ጎንደር የምትወርደው ሴትዮ ስለ ፎስፈረስ አላጠፋችም፤ የተሸከመችው የእኛን እንጀራ ማብሰያ ነው። መብራት በየቀኑ ካልኖረ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋው ከእሷ የወር ገቢ በላይ ከሆነ፣ «ቅጠሉን ለአፈሩ ተይው» ማለት «ጾምሽን እደሪ» ማለት ነው። ቅጠሉ ይነድዳል። አመዱ ግን መመለስ ይችላል። አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ፣ ባሕር ዛፉ በተቆረጠበት ጉቶ ዙሪያ፣ በሩቁ ማሳ ላይ ቢበተን ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ዋልካ ላይ ያን ያህል ላያስፈልግ ይችላል፤ እሱን ገበሬው ያውቃል። የተቆረጠውን ባሕር ዛፍ ልጡን እዚያው ልጦ መተው ምንም አያስከፍልም፤ ሸክምም ያቀላል። አመድ ለብቻው እንዲጠራቀም ለማድረግ ለየሰፈሩ አንድ በርሜል ይበቃል።

መጓጓዣው ይከብዳል የሚል ይኖራል። አጠናና ማገዶ ጭኖ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር የወረደው አይሱዙ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የሚመለሰው ባዶውን ነው።